ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ቀድማ የምታውቀው ቲኬት ቆራጭ

የፒንግፖንግ ኳሷ ገና ከሾፌሩ ራኬት ሳትነሣ፣ ቲኬት ቆራጯ ቦታዋን ይዛ ትጠብቃታለች...

ወደ ቀኝ ሲመታ እዚያ ናት። ወደ ግራ ሲመታም እዚያ ናት።

"አንቺ ልጅ፣ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ይምቱ እንጂ፤ የእኔን ለእኔ ይተዉት!"

የአውቶብስ ጋራዡ የምሳ አዳራሽ በሳቅ ተናጋ።

ለሾፌሩ መሸነፍ ብርቅ አይደለም። ያንገበገበው አለማወቁ ነው... በአንድ አውቶብስ ለዓመታት አብራው የሠራች ሴት፣ እጁን እንዴት እንዲህ ታነበዋለች?

በዚያ ላይ ከሁለቱ ያሸነፈ በጋራዦች ውድድር ይሰለፋል። እሱ ደግሞ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ሌላ ዕድል የለውም።

ዓይኔን እያየች ይሆናል ብሎ ጥቁር መነጽር አደረገ... ኳሷ ራሷ ጠፋችበት።

ራኬቱን በግራ እጁ ያዘ... ባሰበት።

በመጨረሻ ለመናት።

"እባክሽ እህቴ፣ በምን እንደምታውቂ ንገሪኝና ልረፍ።"

ሳቋን አቆመች።

"አይሆንም ጋሼ። ይህን ብቻ አይጠይቁኝ።"

"ምቀኛ!" አለ በልቡ።

ምስጢሩን ያወጣው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጨዋታውን ያይ የነበረ መካኒክ ነው።

"ሾፌሬ፣ አንተ እኮ ከመምታትህ በፊት ስፖኪዮ ታያለህ! ወደምትመታበት ጎን ሰረቅ አድርገህ ትዞራለህ... ፍሬቻ እያበራህ ነው የምትጫወተው!"

ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዕድሜ ልኩን ከመታጠፉ በፊት መስታወት ማየት የለመደ አንገት፣ ፒንግፖንግ ላይም አላረፈም ለካ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንገቱን መግራት ያዘ። "ገትር! አትዙር!" እያለ ቤቱ ግድግዳ ላይ ኳስ ሲያነጥር ሳምንታት አለፉ።

የመለያው ጨዋታ ደረሰ። አንገቱን ንቅንቅ ሳያደርግ መታ... ቲኬት ቆራጯ ወደ ግራ ስትሮጥ ኳሷ በቀኝ አለፈች።

አሸነፈ!

አዳራሹ ሲያጨበጭብ፣ እሷ ፊቷ ዳምኖ ተጠጋችው።

"ጋሼ... ማን ነገረዎት?"

"መሸነፍ መረረሽ አይደል?"

ራኬቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በማግሥቱ አውቶብሱ ውስጥ ወንበሯን ትታ ከአጠገቡ ቆመች። ዓይኗ መንገዱ ላይ አይደለም... አንገቱ ላይ ነው።

መታጠፊያው ጋ ደረሱ። መሪውን ጠመዘዘ... አንገቱ አልዞረም።

"ጋሼ! ብስክሌት!"

ፍሬኑ ጮኸ። ብስክሌተኛው ለጥቂት ተርፎ፣ የአውቶብሱን ጎን በመዳፉ እየደበደበና እየተሳደበ አለፈ።

ሾፌሩ አውቶብሱን ጥግ አስይዞ አቆመ።

"ለዚህ ነበር ያልነገርኩዎት..." አለች ቀስ ብላ። "እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጨዋታ የሚያስበላዎት አንገት፣ እዚህ ስንቱን በሰላም ቤቱ እንደሚያስገባ አውቃለሁ።"

ምሳ ሰዓት ላይ የውድድር ቦታውን ለቀቀላት።

"አንቺ ሂጂና አሸንፊልን... እኔ ስፖኪዮዬን ልይ።"

ወዳጆቼ... የከለከለን ሁሉ ምቀኛ አይደለም። ጉድለት ነው ብለን የምንጥለው ጠባይም፣ ሌላ ቦታ ምን ደግፎ እንደያዘ ሳንጠይቅ አንጣለው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ... እናንተ በቲኬት ቆራጯ ቦታ ብትሆኑ፣ ሲለምናችሁ ከነምክንያቱ ትነግሩት ነበር ወይስ እንደ እሷ ዝም ትሉ ነበር? ከሥር ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።