በእርሳስ የተጨመረችው መስመር

«ይሄ ኦርቪል ደግሞ ከየት መጣ?» አለች ትሩዲ፣ የመጽሐፉን ሰማንያ ስምንተኛ ገጽ በጥፍሯ መታ መታ እያደረገች። «ሰውየው እስካሁን ካርል አልነበር እንዴ?»

ማርሊስ መነጽሯን አድርጋ አየችና ክው አለች።

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ማርሊስ ከአዲሱ መጽሐፏ የምታነብበት ዝግጅት ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ትሩዲ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት፤ ለከተማዋ ገና አዲስ ስለሆነች ኦርቪል የማርሊስ ወንድም መሆኑን አታውቅም።

ማርሊስ ቀን ቀን በአሜሪካዋ የዱሉት ከተማ የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እየመዘገበች፣ ጠዋት ጠዋት አጫጭር ልቦለድ ስትጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ብዙዎቹ መጽሔቶች ጽሑፏን መለሱባት፤ የተቀበሏትም የከፈሏት የመጽሔቱን ሁለት ሁለት ቅጂ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ በዚህ ወር ነው። መላዋ ሁልጊዜ አንድ ነበር። መጀመሪያ በእውነተኛው ስም ትጽፋለች፤ በተውሶ ስም ካስጀመረቻቸው ሰዎቿ ልብስ መሸጫ በር ላይ እንደቆመ አሻንጉሊት ተገትረው ይቀሩባታል። ጽፋ ስትጨርስ ኮምፒውተሩን አዝዛ ስሙን ከዳር እስከ ዳር ታስለውጣለች። ኦርቪል ሰባ ሦስት ቦታ ላይ ካርል የሆነው እንዲህ ነው። ለመጨረሻ እርማት በተላከላት ወረቀት ላይ ግን አንዲት መስመር በእርሳስ ጨመረች፤ እጇም እንደለመደው «ኦርቪል» ብሎ ጻፈ። አራሚዎቹ ሌላ ሰው መስሏቸው አለፉት።

«ትሩዲ፣ ሌላ ታሪክ ላንብብ።»

«ምን ነካሽ? ‹የሐይቁን ታሪክ ታነባለች› ብዬ ጋዜጣ ላይ አስወጥቼ! አርባ ሰው እኮ ነው የመጣልሽ። ባለፈው የመጣው ገጣሚ ያነበበው ለእኔና ብርድ ሸሽተው ለገቡ ሁለት ሽማግሌዎች ነው።» ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት። «ደግሞ ማን ያየዋል? የሚሸጡት መጻሕፍት ያሉበትን ካርቶን የምከፍተው አንቺ ስትጨርሺ ነው።»

አንድ ቅጂ ግን ከካርቶኑ ውጭ ነበር። ኦርቪል ከአሳታሚው በፖስታ አስልኮ፣ ይኸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጭኑ ላይ አድርጎት ተቀምጧል።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የአባታቸው ፒክአፕ በብርድ በረጋው ሐይቅ ላይ እየተነዳ ሳለ በረዶውን ሰብሮ አባታቸውን ይዞ ሰጠመ። ከተማው የሚያውቀው አባትየው ዓሣ ሊያጠምድ ብቻውን እንደወጣ ነው። ኦርቪል አብሮት እንደነበረ የሚያውቁት ኦርቪልና ማርሊስ ብቻ ናቸው። እናታቸው የተቀበረች ዕለት፣ መኪና ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነገራት። ለሚስቱ ለጆይስ እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ማርሊስ ‹ሰው ቢሰማ አባቷን አስባ አብሮት የነበረውን ልጅ ከራሷ ፈጠረችው ይላል› ብላ ጻፈችው። ለኦርቪል «ስለ ሐይቅ ነው» አለችውና የቀረውን ዋጠችው።

አጠገቡ ሄደች። «መጽሐፉን ስጠኝማ፣ ልፈርምልህ።»

«ሳልሰለፍ? ሰው ምን ይለኛል!» ሳቀ። «አላነበብኩትም እኮ። መጀመሪያ ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው። በጣቴ እየተከተልኩሽ ነው የማዳምጠው፤ አንዲት ቃል እንዳትዘዪ!»

«ማርሊስ፣ ፊትሽ ምነው እንዲህ ነጣ?» አለች ጆይስ የሎሚ ኬክ እየዘረጋችላት። «ምሳ አልበላሽም አይደል?»

«ተያት» አለ ኦርቪል፣ «እሷ ስትፈራ እህል አይወርድላትም። በልጅነቷ የገና ድራማ ላይ መልአክ አድርገዋት እረኞቹ ላይ አስመለሰች።»

ፊትና ኋላ ያሉት ሳቁ። ማርሊስም እንደመሳቅ አለች። ወደ መድረኩ ስትሄድ በሆዷ «ጌታ ሆይ፣ ዓይኑን ጋርድልኝ» አለች። ወዲያው አፈረች፤ የገዛ እጇ የሠራውን ነው ጋርድልኝ የምትለው።

ማንበብ ጀመረች። ምድር ቤቱ ጸጥ አለ። እሷ ገጽ ስትገልጥ ኦርቪልም ይገልጣል። አውራ ጣቱ መስመር በመስመር ሲወርድ ከፊቱ ላይ ሳቁ እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። በታሪኩ ውስጥ ፒክአፑ በረዶው ላይ ሲወጣ ቀና ብሎ አያት። እሷ አላየችውም፤ እንዳያት ብቻ ነው ያወቀችው።

ሰማንያ ስምንት።

መስመሯ ከገጹ ግርጌ ናት። አምስት መስመር ሲቀራት ብርጭቆ አነሳች። ውሃ ተጎነጨች። ቀና ስትል የኦርቪል ጣት ቀድሟት ሄዶ፣ ግርጌው ላይ ቆሟል።

«ካርል የአባቱን እጅ ከውሃው በላይ አየ» ብላ አነበበች። «አየና ወደ ዳር ሮጠ።»

«ኦርቪል ነው የሚለው» አለ ኦርቪል።

አልጮኸም። ከኋላ አንድ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ማንም ስላላጀበው ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ።

«ኦርቪል፣ እኔ...»

«እንደተጻፈው አንብቢው፣ እህቴ።»

ቁጣ ይሁን ልመና መለየት አቃታት። ፊደሎቹ ተርገበገቡባት። አርባ ሰው ይጠብቃል። ከነዚህ መሀል ያኔ የአባቷን ሬሳ በገመድ የሳቡ አሉ።

«ኦርቪል የአባቱን እጅ ከውሃው በላይ አየ» አለች። «አየና ወደ ዳር ሮጠ።»

ወንድሟ አንገቱን እንደደፋ ነው። አንድ እጁ ከመጽሐፉ ላይ ወርዶ መጽሐፉ ወደ ጎን አዘመመ።

ጆይስ ባሏን አየች፤ ገጹን አየች፤ መልሳ ባሏን አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙሩን መጽሐፍ ለሁለት እንደሚይዙት፣ አንዱን ጎን ያዘችለት።