ድምፅህን አጠፋህ

«ከኔ ድምፅ ስር ያለውን የሱን ድምፅ አውጣልኝ» አለች ሃሊሞ፣ ካሴቱን ከሻሿ ጫፍ ፈትታ የመሐሙድ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠች።

ቀፊራ ገበያ ጥግ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ያረጀው መሐሙድ ካሴቱን አንስቶ አገላበጠው። ሃሊሞ መሠረተ ትምህርት ሁለቴ ተመዝግባ ሁለቴ የጠፋች፣ ደብዳቤ ማንበብ የማትችል ሴት ናት። ልጇ ዓዋሌ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከተወሰደ ወዲህ የሚጨዋወቱት በዚህ ካሴት ነበር። እሱ ቀድቶ ይልካል፤ እሷ ከሰማች በኋላ በላዩ ቀድታ ትመልሳለች። «ሌላ ምን ያስገዛሻል? በላዩ ቅጂበት» ያላት ራሱ መሐሙድ ነበር።

ትናንት የልጁ ጓደኛ ካሴቱን መልሶ አመጣላት። ዓዋሌ ሳይሰማው ሞቷል።

«ኤዶ ሃሊሞ» አለ መሐሙድ በአክብሮት፣ «በላዩ ከተቀዳ ጠፍቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«አቦ፣ አንተ የሞተ ሬዲዮ ታስነሳ የለ እንዴ?»

እምቢ ማለት አቃተው። ካሴቱን ቴፕ ውስጥ ከቶ አጫወተው። የሃሊሞ ድምፅ ተሰማ፤ የፍየሏ መክሳት፣ የጎረቤቷ የቱሪያ ሠርግ፣ ከዚያ ቁጣ፤ «ሁለት ወር ሙሉ ድምፅህን አጠፋህ። ምን ዓይነት ልጅ ነህ አንተ?»

ሃሊሞ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ያጠፋሁትስ እኔ» አለች።

ቁጣው አልቆ ሽሽ የሚል የባዶ ካሴት ድምፅ ብቻ ቀረ። መሐሙድ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ፣ ከካሴቱ መጨረሻ፣ የእናትየው ወሬ ካልደረሰበት ቦታ፣ አንድ ድምፅ ብቅ አለ።

«...በርበሬውንም እንዳትረሺ፣ እሺ ሆዮ?»

እናቱን ሆዮ ብሎ የሚጠራ፣ ቀጭንና ችኩል የሕፃን ድምፅ ነው። የዓዋሌ ድምፅ ግን ጎርናና ነበር። መሐሙድ ወዲያው ገባው። ልጁ ሲቀዳ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። እንዲያ ቴፑ እየተጎተተ የተቀዳ ድምፅ በደህና ቴፕ ሲሰሙት ይቀጥናል።

«ቆይ፣ ፍጥነቱን ልቀንሰው። የራሱ ድምፅ ይሆንልሻል» ብሎ መፍቻውን አነሳ።

ሃሊሞ እጁን ያዘችው።

«ተወው። ትንሽ እያለ እንዲህ ነበር ሆዮ የሚለኝ።»

መሐሙድ ካሴቱን አወጣ። ዳግመኛ እንዳይቀዳበት፣ ከጀርባው ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ጥርሶች በመፍቻው ጫፍ ሰበረና መልሶ ቴፑ ውስጥ ከተተው።