የሃያ ደቂቃ ሙከራ

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የጎማውን ቀለበት በሁለት የብረት መንጠቆዎች መሐል ሰቅላ የማቀዝቀዣውን ሣጥን ትዘጋለች። የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን እየጨሰ ሲገባ የሙቀት መለኪያው ቁጥር ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች ሃያ፣ ሠላሳ።

ከኋላዋ የተቀመጡት ሽማግሌ የጋዝ ማከፋፈያው የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ቀለበት የቧንቧው አፍ ላይ ተሰንጥቆ፣ ያፈተለከው እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ጋዝ ቀኝ እጃቸውን እንደ እሳት ጠበሰው። ሦስት ጣት ተቆረጠ። ዛሬ «እኔም ዓይኔ ይየው» ብለው ሲመጡ እንቢ ለማለት የደፈረ አልነበረም።

«ስንት ደረሰ?»

«አርባ፣ ጋሼ።»

መንጠቆዎቹ ሲስቡት ጎማው ይለጠጣል፤ ሲለቁት ግን እየተጎተተ ነው የሚመለሰው።

«ጠዋት ከአልጋ የምነሳውን እኔን ይመስላል» ይላሉ። ፈገግ ልትል ትሞክራለች፤ ፊቷ እሺ አይላትም።

ያኔ፣ ቀለበቶቹ ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት ስትፈትሻቸው፣ ያቆመችው እዚህ ነው። ወረቀቱ «እስከ መቶ ይሞከር» ይል ነበር። ናይትሮጅኑ ተሟጦ ነበር፤ ዕለቱም ዓርብ ነበር። አለቃዋ «አርባን የቻለ መቶ አያቅተውም» አላት። እንደሚያቅተው ልቧ እያወቀ ፈረመች።

ስድሳ። ሰባ። መንጠቆዎቹ እንደገና ይስባሉ። ጎማው አይለጠጥም፤ ቀጭ ብሎ እንደ ሸክላ ለሁለት ይከፈላል።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ይነሳሉ።

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ታዲያ ልጄ፣ ያኔ ምን ቸገራችሁ?»

አለቃዋ ያስጠናት መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ አለ፤ «ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር» የሚል። ትውጠዋለች።

«ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው ጋሼ። ሳልጨርስ የተውኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

ቢሰድቧት በተሻላት ነበር። «ሃያ ደቂቃ» ይላሉ ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ካፖርታቸውን ደርበው በግራ እጃቸው መቆለፍ ይጀምራሉ። ልታግዛቸው ጠጋ ትላለች።

«ተይው፤ መልመድ አለብኝ።»

በሩን ከፍታ ይዛ ትጠብቃለች። የላይኛው ቁልፍ አንዴ ያመልጣቸዋል፤ ደግሞ ያመልጣቸዋል። ቀና ብለው አያዩዋትም። በሦስተኛው ይገባል።