የኔቪል ጊታር

ኔቪል ፓስኮ በአውስትራሊያ የዉሎንጎንግ ከተማ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ቅንነቱ ሰው ያሰለቻል። ባለሱቅ ተሳስቶ ሃያ ሳንቲም አብልጦ ቢመልስለት፣ የሁለት ዶላር ቤንዚን አቃጥሎ ይመለስና ያስረክባል።

አንድ አመል ብቻ አለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ጊታር ይፈልጋል። መጀመሪያ በአሮጌ ዕቃ ሱቆችና በጋዜጣ፣ ኋላም በኢንተርኔት። ያገኘውን ሁሉ አይደለም፤ አንዱን፣ የ1963 ስሪት የሆነውን የኤሌክትሪክ ጊታር ነው የሚፈልገው።

ሚስቱ ግሌኒስ ገና እጮኛው ሳለች ነገሩ ምን እንደሆነ ጠይቃው ነበር። «ጊታር ነው። ተሰርቆ ነው» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። የቀረውን ቤተሰቡ ሞላለት፦ ኔቪል ድሮ ሙዚቀኛ ነበር፤ ጊታሩ ሲሰረቅ ልቡ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ክር ነክቶ አያውቅም። ሲጫወት የሰማው ሰው አልነበረም፤ ይህም የሐዘኑ ጥልቀት ማረጋገጫ ሆኖ ተቆጠረለት።

መጋቢት ውስጥ አንድ ማስታወቂያ አየ። ሻጩ ዳፕቶ ነው የሚኖረው፤ ዋጋው አሥራ አራት ሺህ ዶላር። ባልና ሚስቱ ካራቫን የሚባለውን በመኪና የሚጎተት ቤት ገዝተው አገሩን ሊዞሩ ያጠራቀሙት ገንዘብ ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። ግሌኒስ የካራቫኑን መጋረጃ ጨርቅ ሳይቀር መርጣለች።

«እሱ ከሆነ ግዛው» አለችው። «በረሃውን በቴሌቪዥን አየዋለሁ።»

መኪናውን የነዳችው ሴት ልጁ ብሮንዊን ናት። የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ስለሆነች ዋሾን በዓይኑ እንደምትለይ ታምናለች። አባቷ እንዳይታለል ነው የመጣችው።

ሻጩ ዳሚየን ይባላል። ጺሙን ባለሙያ እንዲመስል አሳድጎታል። ጊታሩን ጋራዡ ውስጥ ፎጣ ላይ አጋድሞ ጠበቃቸው።

«የሟች አጎቴ ነው» አለ። «አዲስ ሳለ ገዝቶ ዕድሜ ልኩን አልጋው ሥር አስቀመጠው። የሌላ ሰው እጅ አልነካውም።»

«አጎትህ ስማቸው ማን ነበር?» አለች ብሮንዊን።

ዳሚየን አሰበ። የሚወዱት አጎት ስም ቶሎ አይመጣም። «ባሪ» አለ በመጨረሻ።

ኔቪል መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ቀለሙ መሃሉ ላይ ማር ይመስላል፤ ዳር ዳሩ ጥቁር ነው። የአንገቱ ጫፍ ላይ የሲጋራ ጠባሳ አለ። ጎኑ ላይ ደግሞ እንጨቱ በአውራ ጣት ልክ ተፈልጧል። ኔቪል ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«እሱ ብሪዝበን ከተማ መድረክ ላይ የሆነ ነው» አለ ዳሚየን። «ታሪክ አለው።»

«መድረኩም አልጋው ሥር ነበር?» አለች ብሮንዊን።

«የመኪና በር ነው» አለ ኔቪል በቀስታ። «ሲጣደፉ የሚሆን ነው።»

ዳሚየን የድምፅ ማጉያውን አበራ። «እስቲ ሞክረው ወዳጄ።»

ኔቪል እጁን ከጊታሩ ላይ አነሳ። «ማየቱ ይበቃኛል።»

ብሮንዊን እንባዋ እንዳይታይባት ወደ ጋራዡ በር ዞረች። ከዚያ አባቷን ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው።

«እሱ ነው አይደል?»

«እሱ ነው።»

«በቃ፣ ፖሊስ እንጥራ።»

«ፖሊስ አይጠራም።»

«አባዬ፣ የተሰረቀ ዕቃ እኮ ነው። እንዲህ ከሆነማ ቴሌቪዥናችንንም ይስረቅና በቅናሽ ይሽጥልን።»

«ይሄ ልጅ ያኔ አልተወለደም። ሌባው እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«ሃያ ዓመት ያልሞላው አንድ ደደብ» አለ ኔቪል። «በሦስት መቶ ዶላር ሸጦት ጠጣበት።»

«አየህ፣ ይቅርታ አድርገህለታል። አንተ እንዲህ ነህ።»

«አላደረግሁለትም።»

ግማሽ ሰዓት ያህል መኪናው ውስጥ ቁጭ አሉ። ኔቪል አንድ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ የግሌኒስን ቁጥር አየና ሳይደውል መለሰው። ብሮንዊን እናቷ የመረጠችውን የመጋረጃ ጨርቅ ነገር አነሳችበት። ጊታሩ ለሌላ ሳምንት ቢቆይ ዋጋው ሊወርድ እንደሚችል ነገረችው።

«ሳምንት መቆየት አልችልም» አለ። «ዕድሜ እየሄደ ነው።»

ገብቶ ከፈለ። ለአንድ ኪሎ ቲማቲም የሚከራከር ሰው አንድ ዶላር እንኳ ቀንስልኝ አላለም። ዳሚየን ደስታው ጎዶሎ ሆነበት፤ ሃያ ሺህ አለማለቱ ቆጨው። አጎቴ ባሪ ቢያይ ደስ ይለው ነበር አለ። ብሮንዊን አጎት ባሪን ሰላም በልልኝ አለችው።

«ወደ ቤት አትሂጂ» አለ ኔቪል መኪናው ውስጥ። «በኮሪማል በኩል።»

መንገዱን ማንንም ሳይጠይቅ መራት። ከአንድ ትንሽ የጡብ ቤት ፊት አስቆማት። ሰማንያውን ያለፉ ሽማግሌ ግቢው ውስጥ ባቄላቸውን ከእንጨት ጋር እያሰሩ ነው።

«የድሮ ጓደኛህ ነው?» አለች ብሮንዊን። «አብራችሁ ነበር የምትጫወቱት?»

«ሲጫወቱ ሰምቻቸዋለሁ» አለና ወረደ።

ብሮንዊን ፈገግ አለች። ለእናቷ የምታሳያት ነገር እንዲኖር ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። ኔቪል የጊታሩን ሳጥን አጥሩ ላይ አሳርፎ ከፈተው። ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና የጊታሩን አንገት ያዙ።

«ሚስተር ዛሚት» አለ ኔቪል ባርኔጣውን አውልቆ፣ «የዛሬ አርባ ሁለት ዓመት ከመኪናዎ ውስጥ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።»