ከባለ ቀይ ክዳኑ ጠርሙስ የጎደለው

ፕሮፌሰሩ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ሲያገቡ ቤተ ሙከራው በሙሉ አፉን ይዞ ቀረ። ሙሽሪት ልጃቸው መሆን የምትችል፣ ማዶ ካለው የሒሳብ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ፕሮፌሰሩ እያፏጩ ይገባሉ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ኮታቸውን አንስተው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይወርዳሉ።

የሚያጠኑት ነገር ራሱ ሐሜት ይጠራል። ሥራቸው ወንድ አይጦች ናቸው። ሴቷ ስትሸተው የወንዱ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ነገር ከፍ ይላል፤ ያኔ ምግቡንም ረስቶ ይከተላታል። ዶፓሚን የሚጨምር መድኃኒት ከሰጡት ያረጀው እንኳ ጎረምሳ ይሆናል። የሚያግደውን ከሰጡት ግን ሴቷ አጠገቡ ተቀምጣ እሱ ጢሙን ያበጥራል። «አቅሙማ እንዳለ ነው፤ የጠፋው አምሮቱ ነው» ይላሉ ፕሮፌሰሩ፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም።

ሠራተኛው የመጀመሪያውን መድኃኒት ማሞቂያ፣ ሁለተኛውን ማብረጃ ብሎ ሰይሟቸዋል። ሁለቱም ሽታም ጣዕምም የላቸውም፤ የአይጦቹ መጠጥ ውስጥ ጠብ ይደረጋሉ። ዕቃ ቤት የሚቀመጡት አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ክዳን ባለው ጠርሙስ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከፕሮፌሰሩ በቀር የሚያውቅ የለም። የሙከራው ሕግ ነው፤ አይጦቹን የሚያየው ሰው ካወቀ ዓይኑ ያዳላል።

የሚያየው ሰው ታዛቢው ይባላል። ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ የአይጦችን ገመና ይመዘግባል። እናቱ ስለ ሥራው ሲጠይቁት «የቢሮ ሥራ ነው» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

ከሠርጉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለ ቀይ ክዳኑ ጠርሙስ መጉደል ጀመረ። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ መጀመሪያ ዓይኗን ተጠራጠረች። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረች። በማግስቱ ፈሳሹ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ጠበቃት።

አስተዳዳሪው አስጠራት።

«ቁልፉ በማን እጅ ነው ያለው?»

«በእኔና በፕሮፌሰሩ።»

«ታዲያ ፕሮፌሰሩን ሌባ ልበላቸው?»

መልሷን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«እስከ ቅዳሜ ሌባውን አምጪ። ካልሆነ የስንብት ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ።»

ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ ታዛቢው ሄደች።

ታዛቢው ነገሩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

«እትዬ ደግሞ! ይሄ ምን ማሰብ ይፈልጋል? ቀዩ ማሞቂያው ነዋ። ማብረጃ የሚሰርቅ ሌባ የት አለ? አዲስ ሙሽራስ እዚህ ቤት ማን ነው?»

«ወይ ጉድ! እሳቸው?»

«ሲዘሉ አላየሽም እንዴ? በዚያ ዕድሜ በጤና ይዘለላል?»

ነገሩ ቁልጭ አለላት። እውነትም ሰውዬው ሰሞኑን ሌላ ሰው ሆነዋል። ፉጨቱ ቀርቷል። ደረጃውን ተደግፈው ይወጣሉ፤ ምሳ ሰዓት ካለፈም ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም። «ከመጠን አሳለፉታ! ጨረሳቸው» አለ ታዛቢው።

ሙሽሪት ግን አምሮባታል። በሠርጉ ሰሞን በሻይ ሰዓት ወደ ዕቃ ቤት ብቅ እያለች፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ብርጭቆዋን እንደያዘች ስታንጎላጅ ኃላፊዋ ናት ሻሿን ትከሻዋ ላይ የምትጥልላት። አሁን ጉንጯ ሞልቷል፤ ጨዋታዋም አያልቅም።

«የደላት ሚስት እንዲህ ናት» አለ ታዛቢው።

ኃላፊዋ ደሟ ፈላ። ሽማግሌው ይደሰቱ፣ ማን ከለከላቸው? ግን የልጆቿን ጉሮሮ ዘግተው ነው እንዴ?

ሐሙስ ዕለት ቢሯቸው ገባች። ኮታቸው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ።

«ፕሮፌሰር፣ ቀዩ ጠርሙስ እየጎደለ ነው።»

«እህ» አሉ።

«እኔን ሊያባርሩኝ ነው።»

«ይተን ይሆናል እኮ» አሉና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ለሃያ ዓመት ጥናታቸው የሚሞቱ ሰው መድኃኒታቸው ሲጎድል እህ ይላሉ? ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለች!

ዓርብ ምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሲወጣ ዕቃ ቤቱን ከውስጥ ቆለፈችና ከካርቶኖቹ ኋላ አጎነበሰች። የምትላቸውን በልቧ አዘጋጅታለች። «ፕሮፌሰር፣ አያፍሩም?» ትላቸዋለች። ከዚያ ደግሞ ታለቅስ ይሆናል።

ቁልፍ ገብቶ ዞረ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። የእግር ኮቴው ግን የሽማግሌ አልነበረም።

ሙሽሪት ናት። የባሏን ቁልፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ቀዩን ክዳን ከፍታ፣ ባዶ የሽቶ ብልቃጥ ውስጥ ጠብ ጠብ ታደርጋለች።

«ሙሽሪት!»

ልጅቷ ደነገጠች፤ ቁልፉ ከአፏ ወደቀ።

የኃላፊዋ ንዴት ወዲያው ወደ እዘኔታ ዞረ። ይህችን የመሰለች ልጅ ለራሳቸው ጉድ እንዲህ ያዋርዷት!

«አይዞሽ የኔ እህት፤ ያንቺ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ናቸው የላኩሽ። ነይ አሁን አብረን እንሂድና ፊት ለፊት እንንገራቸው። እኔም ከነልጆቼ ሜዳ ላይ ልወድቅ ነው።» እጇን ይዛ ወደ በሩ ጎተተቻት።

ሙሽሪት ቀድማ በሩን በጀርባዋ ገጥማ ዘጋችው።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ እንዳይሰማ! ሌሊት እንቅልፍ ማግኘቴ ገና ሰሞኑን ነው፤ እሱ እንደሆነ እርጅና መስሎታል።»