አሥራ አራት ተመልካች

እትዬ ተዋበች በርጩማቸውን በሩ ሥር አድርገው፣ ያበጠ እግራቸውን ከመቃን እስከ መቃን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የታላቅ ሰው እግር ተሻግሮ የሚወጣ ደግሞ በሰፈራችን ገና አልተወለደም። እናም አሥራ አራት ሰዎች እዚህች ክፍል ውስጥ ታጉረን ድራማ እናያለን።

ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ የጂንካ ገበያ የሚደራበት። ትጊ ቲማቲሟን ለአጠገቧ ሻጭ አደራ ብላ ነው የመጣችው። ሌላ ጊዜ ያለ ምክንያት የሚጠፋው መብራት ዛሬ ስንት ሰው በልቡ እየለመነው ጨክኖ በርቷል።

ድራማው አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ሽልማት አግኝቷል። ዳኞቹ ወደውታል። ከዳኞቹ ሌላ የሚያየው ግን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። በድራማው ሃያ ሰው አንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላሉ።

«ድምፁ ተበላሸ እንዴ?» ይላሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጡረታ የወጡት መምህር።

«እያሰቡ ነው ጋሼ» እላቸዋለሁ።

«ሃያ ሰው ሙሉ አስቦ አንድ ነገር አይመጣለትም? ጀግና የለው፣ ሌባ የለው! አንዱ ተነሥቶ ሌላውን በጥፊ ቢለው ምን ነበረበት?»

«ሽንኩርት መበዳደር ከሆነ እኔ በአጥሬ ቀዳዳ አየዋለሁ» ትላለች ትጊ።

«ቀስ በሉ! ይሰማ ይሆናል» ይላሉ እትዬ ተዋበች፣ ዲሹ ወደተተከለበት ጣሪያ እያንጋጠጡ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሰባት ወር፣ አንድ ልጃቸው አብኔር በድራማው ውስጥ የግቢው ዘበኛ ሆኖ ብቅ ያለ ዕለት፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን የምናየው። «እትዬ፣ ዲሹ እኮ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ቆጥሮ አዲስ አበባ ይልካል፤ ሁለት ብቻ ሆነን ልጁን አናሳፍረው» አልኳቸው። ቀልዴን ነበር። ግን ዲሹ ሲተከል ምሰሶውን የያዝኩት እኔ፣ በዚያ ላይ እስከ ስምንተኛ የተማርኩ ሰው፤ አመኑኝ። በሳምንቱ ስድስት ሰው ሰብስበው ጠበቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ እግራቸው በየቤቱ ይዞራሉ። ድራማው ሳይጀምር ይጸልያሉ፦ «ጌታ ሆይ፣ ተመልካች አብዛልን።» ጋሽ ሸዋንግዛው ማተባቸውን ይዘው አሜን ይላሉ። እኔም ሌሎቹን አንድ በአንድ ወደ ጥግ እየወሰድኩ እውነቱን ነግሬ፣ እንዳትነግሯቸው ብዬ አስምያቸዋለሁ። እሳቸው ፊት ግን ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ስልካቸው ይጠራል። አብኔር ነው። ሁላችንም ሰላም እንድንባል እንደ ልማዳቸው ድምፁን ለቀቁት።

«እማዬ፣ ድራማው ተቋረጠ።» ድምፁ ደክሟል። «የዛሬው የመጨረሻው ነው። ተመልካች የለውም አሉን።»

«ማነው የለውም ያለው? እኛ አሥራ አራት ነን እኮ!»

የእትዬ ተዋበች ፊት ቀስ እያለ ይጠቁራል።

«ያለፈው ሳምንት ነው» ይላሉ። «ዝናብ ነበረ። ዘጠኝ ብቻ ነበርን። እግሬ አላስኬድ ብሎኝ የታችኛውን ሰፈር ተውኩት። እኔ ነኝ ልጄ። እንጀራህ የተዘጋው በእኔ ስንፍና ነው።»

«የምን ዘጠኝ? ምን እያልሽ ነው እማዬ?»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። በሩን አያለሁ። በእግራቸው ማዶ ፀሐይ አለ፣ መንገድ አለ፣ ቤቴ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

«እትዬ» እላለሁ፣ «ዲሹ ሰው አይቆጥርም።»

«እ?»

«ቀልዴን ነበር ያን ቀን። ከዚያ በኋላ መውጫው ጠፋኝ።»

አንቺ ውሸታም ብለው ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ እመርጥ ነበር። ዓይናቸው ከእኔ ወደ ትጊ፣ ከትጊ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል።

«እናንተም ታውቁ ነበር?»

ትጊ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«እንግዲያ የሚቆጥር ከሌለ፣ ድራማውንም ካልወደዳችሁት፣ ሰባት ወር ሙሉ ምን ልትሠሩ ነው የመጣችሁት?»

ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው እኔ ብፈልግ ብፈልግ ምላሴ ላይ የሚመጣው ሌላ ቀልድ ብቻ ነው፤ እሱን ዋጥኩት።

«ኧረ ዝም በሉ!» ይላሉ ድንገት ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ከእኔ ቀድመው። «ልጁ መጣ።»

እስከ ዛሬ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ነበር የምናየው። አሁን ግን በዘበኛ ቤቷ ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። የምሳ ዕቃውን ይከፍታል። ሽሮ በእንጀራ ነው። እየጠቀለለ ይጎርሳል፤ አንድ ጆሮው ውጭ፣ ማንም በጠራው ሰዓት ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው። የሚናገር የለም፣ ሙዚቃ የለም። ደቂቃ ያልፋል። ድምፁ ተበላሸ የሚል አልተገኘም።

«እማዬ?» ይላል ስልኩ ከጉልበታቸው ላይ። «ሰዎቹ ሄዱ እንዴ? ምነው ዝም አላችሁ?»

እትዬ ተዋበች ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ባዶ አፋቸው አብሮት ያኝካል።

«ዝም በል አንተ» ይሉታል ቀስ ብለው። «እየበላህ ነው።»