የሰምሃር መንጋጋ

ዶክተር ፈዲላ ሁለት ሰው ሠራሽ ጥርሶች በጓንቷ መዳፍ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ታቀርባለች። አንዱ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። ሌላው ነጭ ሴራሚክ ነው፣ ቁርጥ የሰው ጥርስ። ልጄ ሰምሃር ወንበሩ ላይ ተንጋልላ የደነዘዘ ከንፈሯን በጣቷ ትነካካለች።

"የተሰበረው የኋላ መንጋጋዋ ነው" ትለኛለች ዶክተሯ። "ሥሩን አክመነዋል፤ አሁን ሽፋን ያስፈልገዋል። የቱን እናድርግላት?"

"ብረቱ አይዝግም? ደሟ ውስጥ አይገባም?"

"ኧረ አይዝግም፣ እናቴ።"

"ሴራሚኩስ? የመታጠቢያ ቤታችን ሴራሚክ እኮ በሁለት ዓመቱ ነው የተሰነጣጠቀው።"

"እማ!" ትላለች ሰምሃር በተሳሰረ ምላሷ። "አፌ ውስጥ ማንም ገላውን አይታጠብም።"

ዶክተሯ በሳቅ ትፈነዳለች። እኔ አልስቅም። ከሲኤምሲ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ታክሲ ውስጥ የመጣሁት የመንጋጋ ካንሰርን፣ ወደ አንጎል የሚወጣ መግልን፣ ከማደንዘዣ ሳትነቃ የቀረችውን የጎረቤታችንን የአክስት ልጅ እያሰብኩ ነው። አሁን የቀረው ሽፋን መምረጥ ብቻ ነው ሲሉኝ እንኳ የደበቁኝ ነገር ያለ ይመስለኛል።

"ነጩ ያምራል፤ ብረቱ ይጠነክራል" ትላለች ዶክተር ፈዲላ። "ሌላ ልጅ ብትሆን ነጩን እመክር ነበር። እሷ ግን ልትሰብረው ትችላለች።"

"ቆሎ ከልክያታለሁ። ይሄንንም የሰበረው ቆሎው ውስጥ የነበረ ጠጠር ነው። ሻጯን ሄጄ ልክ ልኳን ነግሬያታለሁ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።"

"ሴትዮዋን በከንቱ ነው የተቆጧት። ጥርሱ ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር።" ስክሪኑን ወደ እኔ ታዞረዋለች። "ይዩት እስቲ።"

የልጄ ጥርሶች ተለቅ ተለቅ ብለው ይታያሉ። ሁሉም ጫፋቸው ተሞርዶ ጠፍጣፋ ሆኗል።

"የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጥርስ እንዲህ አይሆንም" ትላለች። "ይሄ የስልሳ ዓመት ሰው ጥርስ ነው። ተኝታ ታፋጫለች። ሰምተዋት አያውቁም?"

"እሰማለሁ እንጂ! ወስፋት ነው። በየሦስት ወሩ መድኃኒት እሰጣታለሁ። ፌጦም በባዶ ሆዷ…"

"ማፋጨትና ወስፋት አይገናኙም።" ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። "አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀት ነው።"

ጭንቀት? በቤታችን ጭንቀት የእኔ ሥራ ነው። እሷ ምን አለባት? ትበላለች፣ ትማራለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትንከተከት ግቢው ይሰማል።

ዶክተሯ ወደ እሷ ጎንበስ ትላለች። "ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ሰምሃርዬ? ታውቂዋለሽ?"

"ከአራተኛ ክፍል።" አታመነታም። "ጠዋት ስነሳ አገጬን ያመኝ ነበር። አፌን መክፈት የሚያቅተኝ ቀንም አለ።"

አምስት ዓመት ሙሉ ቁርስ ያቀረብኩላት እኔ ነኝ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳትደነግጪ ብዬ።"

አራተኛ ክፍል ስትሆን በጦርነቱ ምክንያት እናቴ ያለችበት የመቀሌ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ማታ የእናቴን ቁጥር እደውላለሁ። ስልኩ አይጠራም። "አልቀዋል፤ በቃ አንድም ሰው አልተረፈም" እላለሁ ለግድግዳው። ሰምሃር ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ልጅ ናት፣ ምን ይገባታል ብያለሁ። በኋላ መስመሩ ሲከፈት እናቴ ራሷ አነሳችው። እልል አልኩ፣ ጎረቤት ጠርቼ አለቀስኩ፣ አለፈ አልኩ። ምንጣፉ ላይ የነበረችውን ልጅ ግን አንድም ነገር አልጠየቅኳትም።

"አያትሽ ደህና ናት እኮ" እላታለሁ። የምለው ቢጠፋኝ ነው።

"አውቃለሁ፣ እማ። ትናንትም አውርቻታለሁ።" ከንፈሯን በሶፍት ትጠርጋለች። "ያኔ ስትደውዪ ፊትሽን እያየሁ ነበር የማውቀው፣ አነሱ ወይስ አላነሱም። አሁንም ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ነው። በር ሲንኳኳም።"

ሳወራ የምጠነቀቅ ይመስለኝ ነበር፤ ክፉ ወሬ ሲመጣ ወደ ጓዳ ገብቼ በሹክሹክታ ነበር የማወራው። ፊቴን የሚያነብ ሰው ቤት ውስጥ አለ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

"ስትተኛ የምታጠልቀው የጥርስ መከላከያም እሠራላታለሁ" ትላለች ዶክተር ፈዲላ። "ጥርሷን ያድንላታል። ማፋጨቱን ግን አያስተዋትም።" ከዚያ መዳፏን እንደገና ትዘረጋለች። "ሽፋኑንስ ምን እንወስን?"

ብረት፣ ልል ነው። ብረት አይሰበርም።

ሰምሃር ጥርሶቹን አትመለከትም። እኔን ነው የምትመለከተኝ። ዓይኖቿ ከግንባሬ ወደ ቅንድቤ፣ ከቅንድቤ ወደ ከንፈሬ ጫፍ ይወርዳሉ፤ አንድ ፊደል ሳትዘል እያነበበችኝ ነው።

"የጥርሱ ባለቤት እሷ ናት" እላለሁ። "ራሷ ትምረጥ።"

"አንቺ የቱ ይሻላል ትያለሽ?"

"ሁለቱም ጥርስ ነው።"

ተነስቼ ጀርባዬን እሰጣትና መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ታች መንገዱ ላይ መኪኖች ተጠላልፈው ይጮኻሉ። መስታወቱ ውስጥ ግን ፊቴ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሷም ታየዋለች። መጋረጃውን ስቤ እዘጋዋለሁ።

ከኋላዬ ሰምሃር ያልመረጠችው ጥርስ የብረት ትሪው ላይ ሲቀመጥ ቀጭ ይላል። የትኛው እንደሆነ ለማየት አልዞርም።